አንድ ወገን ብቻ የተሰማበት ፋይል

ባለፈው ክረምት ከአባዬ ጋር አሥራ አንድ የድሮ ፊልም አየን። ሁሉም ጥቁርና ነጭ ናቸው። ሁሉም ውስጥ ሰው ይሞታል፣ ሁሉም ውስጥ ሲጋራ ይጨሳል። ፈረንሳዮች «ፊልም ኗር» ይሏቸዋል፤ ጥቁር ፊልም ማለት ነው። በፍላሽ ገልብጦ የሰጠኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ፊልም ይማራል። «እቴቴ፣ እነዚህን ሳታዪ ፊልም አውቃለሁ እንዳትዪ» ብሎኛል።

አየኋቸው። አንዳንዱን ሁለቴ አየሁት። እውነቱን ለመናገር ስሜቴ ለብ ያለ ነው። አልጠላኋቸውም። ግን ወንድሜ በሚወዳቸው ልክ ልቤ አልሞቀም። ለብ ያለ ነገር ደግሞ በመጽሐፍም አይመሰገንም፤ በራእይ ላይ ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን የተጻፈውን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ «ደህና ናቸው» ብዬ ብቻ ማለፍ አልፈለግኩም። የቱ ጋ እንደሞቀኝ፣ የቱ ጋ እንደበረደኝ ለይቼ ማወቅ ፈለግኩ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እኔ የምሠራው መድን ድርጅት ውስጥ ነው፤ ካሳ ክፍል። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ይህን የማነሳው ከነዚህ ፊልሞች ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው የመድን ቢሮ ታሪክ ስለሆነ ነው።

ፊልሙ «ደብል ኢንደምኒቲ» ይባላል፤ ድርብ ካሳ። የወጣው በ1944 ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ በ1933 ከበርሊን የሸሸ አይሁዳዊ ነው። ዋልተር ኔፍ የሚባል የመድን ሻጭ የመኪና ውል ሊያሳድስ አንድ ቤት ይሄዳል። ባልየው የለም። ሚስትየው ፊሊስ ግን አለች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሰንሰለት አድርጋለች፤ እሱ ዓይኑን ከዚያ ላይ መንቀል ያቅተዋል። ጥቂት ቆይተው ባልየው ሳያውቅ የአደጋ መድን ሊያስገቡት፣ ከዚያም ሊገድሉት ይስማማሉ። ከባቡር ወድቆ የሞተ ያስመስሉታል። ውሉ ላይ የባቡር አደጋ ካሳው እጥፍ ነው። 50 ሺህው 100 ሺህ ዶላር ይሆናል።

የማስፈረሚያው ትዕይንት እኔን ያዘኝ። ኔፍ ለባልየው ሁለት ወረቀት ያቀርብለታል። የመጀመሪያው የመኪናው ነው። ሁለተኛውንም የመኪናው ኮፒ መስሎት ይፈርማል። አያነበውም። የሰውየው ልጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ከእንጀራ እናቷ ጋር ጨዋታ ይዛለች። ሆን ተብሎ ነው እዚያ የተቀመጠችው፤ በኋላ ምስክር እንድትሆን። ይህን ሳይ እጄን አላበኝ። በየቀኑ ስንት ሰው ነው ፊቴ ሳያነብ የሚፈርመው? «እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ» እንለዋለን፤ ይፈርማል። ያንን ፊልም ካየሁ ወዲህ ወረቀቱን ወደ ሰውየው አዙሬ «ያንብቡት፣ ጊዜ አለን» ማለት ጀምሬያለሁ።

አባዬ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ዕድሜውን ያሳለፈው በአሰብና በጅቡቲ መንገድ ነው። እንግሊዝኛ ስለማይሰማ አጠገቡ ሆኜ እተረጉምለታለሁ። ፊልሙ ግማሽ እስኪደርስ ጋቢውን ተከናንቦ ዝም ብሎ ነበር። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ሬሳውን ሐዲዱ ላይ ጥለው ሁለቱ መኪና ውስጥ ገቡ። ፊሊስ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አልነሳም። ደግማ አዞረች። አልነሳም። ሁለቱ ተያዩ። ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል፤ የሞተሩ ማቃሰት ብቻ ነው የሚሰማው። አባዬ ከተቀመጠበት ተነሳ። «ቀስ በይ!» አለ ለፊሊስ። «አታጣድፊው፣ ቀስ ብለሽ!» ኔፍ እጁን አሻግሮ ቁልፉን ራሱ ያዘው። አዞረው። ተነሳ። አባዬ በረጅሙ ተነፈሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እነዚህ እኮ ሰው ገድለው ነው» አለኝ። ፊቱ ላይ እፍረት አየሁ።

እዚህ ጋ ልቤ ሞቋል። ሰማንያ ዓመት ያለፈው ፊልም ጨዋውን ሽማግሌ ለአንድ ደቂቃ የገዳዮች ወገን አደረገው። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ይህን ላደረገ ፊልም ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ሌላው የወደድኩት ኪይስን ነው። ኪይስ የካሳ ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ኤድዋርድ ጂ. ሮቢንሰን ነው የሚሠራው። አጭር፣ ወፍራም፣ ኪሱን ሁሉ ክብሪት ፍለጋ የሚደባብስ ሰው ነው። የሐሰት ካሳ ጥያቄ ሲመጣበት ሆዱ ውስጥ ያለ ትንሽ ሰውዬ እንደሚነግረው ያወራል። ያቺን ነገር የኛ ክፍል ሰው ሁሉ ያውቃታል። ወረቀቱ ሙሉ ነው፣ ማኅተሙ ልክ ነው፣ ግን የሆነ ነገር ይከነክናል።

የድርጅቱ አለቃ «ራሱን ነው ያጠፋው፣ ስለዚህ አንከፍልም» ሲል ኪይስ የሚሰጠው መልስ ከፊልሙ ንግግር ሁሉ ይበልጥብኛል። ራሳቸውን ስላጠፉ ሰዎች የተጻፉ አሥር ጥራዝ ስታቲስቲክስ አሉ ይለዋል። በሥራ ዓይነት፣ በፆታ፣ በወቅት፣ በሰዓት ተከፋፍሏል። በመርዝ ከሆነ በየትኛው መርዝ። በመዝለል ከሆነ ከየት ዘሎ። ከሚሄድ ባቡር ኋላ ዘሎ ራሱን ያጠፋ ግን አንድም የለም። ያ ባቡር ደግሞ በሰዓት 15 ማይል ብቻ ነበር የሚሄደው፤ በኛ 24 ኪሎ ሜትር ነው። ትንፋሽ ሳይወስድ ነው የሚዘረዝረው። ሥራውን እንደዚህ የሚወድ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

ግን ያው ኪይስ መጀመሪያ አካባቢ አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ፊቱ አስቀምጧል። ሰውየው መኪናውን ራሱ አቃጥሎ ካሳ የጠየቀ ነው። ኪይስ ያፋጥጠዋል፣ ካሳውን እንደማይፈልግ ያስፈርመዋል። ሰውየው ግራ ተጋብቶ በሩ ጋ ሲደርስ ኪይስ እጀታው እንዴት እንደሚዞር ይነግረዋል። አዙረው፣ ይከፈታል፣ ቀጥ ብለህ ሂድ። ለትንሽ ልጅ እንደሚነገር። ሰውየው አጥፍቷል፤ ልክ ነው። ግን መኪናው የለም፣ ገንዘቡም የለም፣ የበር እጀታ ደግሞ ይማራል። አባዬ እዚህ ጋ ምንም አላለም። እጁን አየሁት፤ ጉልበቱ ላይ ጨብጦት ነበር።

ስለ ብርሃኑ ሳልናገር ካለፍኩ ወንድሜ ይቀየመኛል። በፍላሹ ላይ ካሉት ፊልሞች አንዱን እያየን መብራት ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። ላፕቶፑ ግን ባትሪ ነበረው፣ ፊልሙ ቀጠለ። እስከዚያ ድረስ ሳሎናችን አምፖል እየበራ ነበር የምናያቸው። ጨለማው ውስጥ ግን ሌላ ፊልም ሆነ። የመስኮቱ መጋረጃ ጥላ ሰውየው ላይ ተጋድሞ እንደ እስር ቤት ፍርግርግ ሆነበት። ግማሽ ፊት ብቻ ታየ። ቀሪው ግማሽ ከሳሎናችን ጨለማ ጋር ተቀላቀለ። የ«ደብል ኢንደምኒቲ» የካሜራ ሰው ጆን ሳይትዝ የቤቱ አየር ውስጥ አቧራ እንዲታይ ብሎ የአሉሚኒየም ብናኝ በትኗል። ይህን ወንድሜ ሲነግረኝ አላመንኩትም ነበር። ከዚያ ማታ በኋላ አመንኩት። ፊሊስ ቤት ውስጥ ያለው ብርሃን የቆየ፣ ያልተጠረገ፣ የታፈነ ብርሃን ነው። የዚያን ቤት ሽታ የማውቀው መሰለኝ።

ጦርነቱም አግዟቸዋል። አሜሪካ ጦርነት ውስጥ ከገባች በኋላ ለትዕይንት ግንባታ የሚውል አዲስ ዕቃ በአንድ ፊልም ከ5 ሺህ ዶላር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። ቤት መሥራት ካልተቻለ ጥላ ይሠራል። ከአውሮፓ የተሰደዱት ዳይሬክተሮች ደግሞ ጥላውን ከበርሊንና ከቪየና ያውቁታል። ዋይልደር ብቻ አይደለም፤ ፍሪትዝ ላንግ፣ ሮበርት ሲኦድማክ፣ ኦቶ ፕሬሚንገር አሉ። እነዚህን ፊልሞች እንደ አሜሪካ ፊልም ብቻ ማየት ከብዶኛል። ሀገሩን ጥሎ የመጣ ሰው ፍርሃት በየማዕዘኑ አለ።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ወድጄ ለምን ለብ አለኝ?

«ደብል ኢንደምኒቲ» ሲያልቅ አባዬ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «እሱስ መቅረጫው ላይ ሁሉን ተናገረ። እሷ የት ተናገረች?»

ፊልሙ የሚጀምረው ኔፍ ጥይት መትቶት ሌሊት ቢሮው ገብቶ፣ ድምፅ መቅረጫው ፊት ተቀምጦ ቃሉን ሲሰጥ ነው። ለገንዘብና ለሴት ብዬ ገደልኩት፤ ገንዘቡንም ሴቲቱንም አላገኘሁም ይላል። ከዚያ በኋላ የምናየው ሁሉ የሱ ቃል ነው። እሷን የምናውቃት እሱ በሚለው ብቻ ነው። ክፉ መሆኗን እናውቃለን። ድሮ ነርስ ሆና ስታስታምማት የነበረችው የባልየው የመጀመሪያ ሚስት እንዴት እንደሞተችም እንሰማለን፤ እሱንም ከሌላ ሰው አፍ። ምን እንዳደረጋት፣ ከየት እንደመጣች፣ ያ ቤት ውስጥ ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፍ ግን የሚጠይቃት የለም።

ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሴት ያመነ ጉም የዘገነ» የሚል ተረት ይዘን ነው ያደግነው። ስለዚህ ፊልሞቹ በዚህ አያስደነግጡኝም። የሚያበርዱኝ ግን በዚህ ነው።

የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ፋይል ዘግቻለሁ። የጭነት መኪና ተገልብጦ ረዳቱ ሞቶ ነበር። ሾፌሩ ቃሉን ሰጠ። ረዳቱ ሳይፈቀድለት ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጥቶ ነበር አለ። አነጋገሩ ረጋ ያለ ነው፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ኪሎ ሜትሩን ሁሉ ይጠቅሳል። ጥሩ ተራኪ ነበር። አመንኩት። የሟች ሚስት ወረቀቷን በፌስታል ይዛ መጣች። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሰዓት ጠበቀች። ስትገባ ብዙ አላወራችም፣ እኔም ብዙ አልጠየቅኳትም። ፋይሉ ተዘጋ። ከወራት በኋላ ከመንገዱ ዳር የሚኖር ገበሬ የሰጠው ቃል መጣ። ረዳቱ ከሾፌሩ ጎን ገቢና ውስጥ ነበር የተቀመጠው። ፋይሉ ተከፈተ፣ ለሚስትየዋም ተከፈላት። ግን እነዚያ ወራት አሉ። እኔ ያን ሴት «አንቺስ ምን ሰማሽ?» ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ለቅሶ ላይ የሾፌሩ ጓደኞች ያወሩትን ትነግረኝ ነበር። በኋላ ነግራኛለች።

ከዚያ ወዲህ በአንድ ወገን ቃል ፋይል አልዘጋም። እነዚህን ፊልሞች ሳይም ያው ሥራዬ ይከተለኛል። አብዛኞቹ በአንድ ወገን ቃል የተዘጉ ፋይሎች ናቸው። ያንን ወንድ የምንሰማው ጥሩ ተራኪ ስለሆነ ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ቃላቱ ያምራሉ፣ እኛም ልክ እንደ ሬዲዮ ትረካ ተመስጠን እናዳምጠዋለን። ሌላው ሰው ኮሪደር ላይ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የሚሠራ የፊልም ደንብ ነበር። ወንጀል የሠራ ሰው ሳይቀጣ ፊልም ማለቅ አይችልም። ስለዚህ ገና ከጅምሩ መጨረሻው ይታወቃል። ዋይልደር ኔፍ በጋዝ ክፍል ሲገደል የሚያሳይ መጨረሻ ቀርጾ ነበር፤ በኋላ ራሱ ቆርጦ አወጣው። ያሁኑ መጨረሻ ይሻላል። ኔፍ ደሙ እየፈሰሰ በሩ ሥር ወድቋል። ፊልሙን ሙሉ ለኪይስ ክብሪት የሚጭርለት እሱ ነበር። አሁን ኪይስ ጎንበስ ብሎ ለሱ ይጭርለታል። ለኔ የፊልሙ ፍቅር ይሄ ነው። ከሴትየዋ ጋር ያለው አይደለም።

በ«ዘ ማልቲዝ ፋልከን» ብዙም አልቆይም። በ1941 የወጣ የጆን ሂውስተን የመጀመሪያ ፊልም ነው። ሰዎች ክፍል ውስጥ ገብተው ያወራሉ፣ ወጥተው ሌላ ክፍል ገብተው ያወራሉ። በጣም ይፈጥናሉ። ለአባዬ መተርጎም አቅቶኝ ሁለቴ አቁሜዋለሁ። በ1946 የወጣው «ዘ ቢግ ስሊፕ» ደግሞ ክሩ ይጠፋል። አንድ ሾፌር ይሞታል፤ ማን እንደገደለው አይታወቅም። ሲሠሩት የመጽሐፉን ደራሲ ቻንድለርን ቢጠይቁት እሱም አላወቀውም። ወንድሜ ይህን እንደ ውበት ነው የሚያወራው። እኔ ግን ሾፌር አባት ያለኝ ሰው ነኝ። የሞተ ሾፌር ማን ገደለው ሳይባል ሲቀር አይጥመኝም።

የማርጀትም ነገር አለ። እኛ በቴሌቪዥን የመርማሪ ድራማ ያደግን ሰዎች የልጅ ልጆቹን ለምደን ነው ቅድመ አያቱን ለማየት የመጣነው። በ1944 አዲስ የነበረው ነገር እኔ ጋ ሲደርስ መቶ ጊዜ ታይቷል። ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም፤ ግን ስሜቴን ልለውጠው አልችልም።

ሁለት ፊልሞች ላይ ግን ኮሪደር ላይ ያለው ሰው ገባ።

አንደኛው «አውት ኦቭ ዘ ፓስት» ነው፤ የ1947። ሮበርት ሚቸም የጠፋችን ሴት የሚፈልግ መርማሪ ነው። የሴትየዋን የቤት ሠራተኛ ሊጠይቅ ሃርለም ውስጥ ወዳለ የጥቁሮች ምሽት ክበብ ይሄዳል። ዩኒስን የምትሠራው ቴሬዛ ሃሪስ ናት። በዚያ ዘመን ጥቁር ተዋናይት ትሪ ይዛ ገብታ ትወጣለች። እዚህ ግን ለብሳ፣ አምራ፣ ከወንድ ጋር ተቀምጣለች። የሚጠይቃት እሱ ነው፣ ምን ያህል እንደምትነግረው የምትወስነው እሷ ናት። እመቤቴ ፍሎሪዳ ሄዳለች ትለዋለች። ክትባቱ አሟት እንደነበር ግን ይወጣል። ለፍሎሪዳ ክትባት አያስፈልግም፤ ለሜክሲኮ ነው። ትዕይንቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። እኔ አራት ጊዜ መለስኩት። አንገቷን የምትይዝበትን አያያዝ፣ የሚጠይቃትን ሰው የምታይበትን አስተያየት ወደድኩት። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ላይ አትመለስም። እኔ ግን ጠበቅኳት።

ሁለተኛው «ኢን ኤ ሎንሊ ፕሌስ» ነው፤ በ1950 ኒኮላስ ሬይ የሠራው። ሃምፍሪ ቦጋርት ቁጡ የፊልም ጸሐፊ ነው፤ በግድያ ይጠረጠራል። ጎረቤቱ ሎረል ትመሰክርለታለች፣ ይዋደዳሉ። ግሎሪያ ግራሃም ናት ሎረልን የምትሠራው። መጀመሪያ የሱ ፊልም ነው። ቀስ በቀስ ግን ዓይናችን ወደሷ ይዞራል። ሲቆጣ እናያታለን። ሰው ሲመታ እናያታለን። እንቅልፍ እምቢ ሲላት፣ በር ሲንኳኳ ስትደነግጥ እናያለን። ግድያውን ሰውየው ያድርገው አያድርገው የሚለው ጥያቄ አነስ ይላል። ዋናው ጥያቄ ከሱ ጋር እንዴት ይኖራል የሚለው ይሆናል። ሬይ ሰውየው አንቆ ሲገድላት ቀርጾ ነበር፤ ትቶ ሌላ መጨረሻ ሠራ። ንጹሕ መሆኑ በስልክ ይነገራል። ግን ጊዜው አልፏል፤ እሷን ምን እንዳደረጋት አይተናል። ይህን ፊልም ብቻዬን ነው ያየሁት። ሲያልቅ ተነስቼ የሳሎኑን በር መቆለፌን አረጋገጥኩ። እዚህ ላይ ለብታ የለም።

የመጨረሻው ማታ «ዘ ሰርድ ማን»ን አየን። የእንግሊዞች ነው፣ የ1949፤ ካሮል ሪድ ከጦርነቱ በኋላ በፈራረሰችው ቪየና የቀረጸው። ሙዚቃው ገና ሲጀምር አባዬ «ክራር ነው?» አለ። ዚተር ነው አልኩት፤ እሱም በጣት የሚመታ ባለ ክር መሣሪያ ነው። አንቶን ካራስ የሚባል በወይን ቤት የሚጫወት ሰው ነው ብቻውን የሞላው። አባዬ ያንን ፊልም ሳያንቀላፋ ጨረሰው።

መጨረሻው ላይ የመቃብር ቦታ ነው። ረጅም መንገድ፣ ግራና ቀኝ ዛፍ። የፊልሙ ዋና ሰው ጋሪ ተደግፎ የጓደኛውን ፍቅረኛ ይጠብቃል። የምትወደውን ሰው እንዲገደል የረዳው እሱ ነው። አሳልፎ የሰጠው ጓደኛው ደግሞ ውሃ የተቀላቀለ ፔኒሲሊን እየሸጠ ሕፃናት የገደለ ሰው ነበር። ስለዚህ እሱም ፍርድ አለው። እሷ ከሩቅ ትመጣለች። ካሜራው አይንቀሳቀስም። አንድ ደቂቃ አለፈ። ቅጠል ይረግፋል። እየቀረበች መጣች። የስክሪፕቱ ጸሐፊ ግራሃም ግሪን እንዲታረቁ ፈልጎ ነበር፤ ሪድ እምቢ አለ። ደረሰች። ሳትዞር፣ እርምጃዋን ሳትቀንስ አልፋው ሄደች። ሲጋራውን ለኮሰ።

«አልዞረችም?» አለ አባዬ።

«አልዞረችም።»

ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ። «እስቲ መልሺው» አለኝ። ከዛፎቹ ጀምሬ መለስኩለት።